የንግግር ጥበብ በአቴና አደባባይና በአገራችን ሸንጎ

ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈውን መጽሐፍ ሲጀምር አንድ ብርቱ ሐሳብ ያነሣል። ይኸውም ሰው ራሱን በጉልበቱ መከላከል ባለመቻሉ የሚያፍር ከሆነ፥ በቃሉ መከላከል ባለመቻሉማ አብልጦ ሊያፍር ይገባዋል የሚል ነው፤ ጉልበትን ከእንስሳት ጋራ ይካፈለዋል፥ ቃል ግን የሰው ብቻ ገንዘብ ነውና። የአገራችን ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያነብ በሐሳቡ ሲሠራበት ኖሯል። ዱላ ያነሣ ባላጋራ «በሕግ አምላክ!» ሲሉት ዱላውን ያወርዳል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የተባለውም ስለዚህ ነው። ከዚያች ቃል በኋላ ጠቡ የክንድ መሆኑ ቀርቶ የአንደበት ይሆናል።

እንግዲህ ሰው መብቱን በአንደበቱ የሚያስከብርበት ይህ ጥበብ በጥንቷ አቴናና በእኛ ሸንጎ በምን መሣሪያ ይሠራ እንደ ነበረ፥ በመጨረሻም ምን ላይ እንደ ደረሰ መመርመር ለመምህራን፥ ለተማሪዎችና በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ ሁሉ ጥቅም የሚሰጥ ይመስለናል።

በግሪኮች ዘንድ የንግግር ጥበብ የተወለደው ከርስት ሙግት ነው። በሲሲልያ ደሴት በምትገኘው በሲራኩስ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ466 ዓመት ገደማ የአምባገነኖች አገዛዝ ሲወድቅ፥ መሬታቸውን ተቀምተው የነበሩ ሰዎች ንብረታቸውን ለማስመለስ በዳኞች ፊት ቆሙ። በዚያን ጊዜ ኮራክስ የተባለ ሰውና ተማሪው ቲስያስ የክርክርን ዘዴ አጥንተው በጽሑፍ እንዳወጡት በጥንት ዘመን ይነገር ነበር። ከኮራክስ ጋራ ስሙ የሚነሣው ዘዴ «ይህ ሊሆን ይመስላልን?» ብሎ የመጠየቅ ዘዴ ነው። ደካማ ሰው ብርቱውን ደብድበሃል ተብሎ ቢከሰስ፥ እኔን የመሰለ ደካማ እንዴት አድርጎ እርሱን ይደፍራል ይላል። ብርቱው ቢከሰስ ደግሞ፥ ጥርጣሬው ሁሉ በእኔ ላይ እንዲወድቅ እያወቅሁ እንዴት አደርገዋለሁ ይላል። ምስክር ባልተገኘበት ነገር ዳኛውን ወደ አእምሮው ሚዛን የሚመራው ይህ ዘዴ ለእኛም ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም።

ከልደት በፊት በ427 ዓመት የሌዎንቲኒ ከተማ መልእክተኛ የሆነው ጎርጊያስ ከሲሲልያ ወደ አቴና መጣ። የመጣው አገሩ ሲራኩስን የምትቋቋምበት እርዳታ ለመለመን ነበር። ይሁን እንጂ አቴናውያንን ያስደነቃቸው የመጣበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአነጋገሩ ስልት ነው። ጎርጊያስ ተቃራኒ ሐሳቦችን ጎን ለጎን ያቆማል፤ የዓረፍተ ነገሩን ክፍሎች በርዝመት ያስተካክላል፤ መጨረሻቸውንም ቤት ያስመታል። ንግግሩ ግጥም ሳይሆን የግጥምን ጣዕም ያዘ። ከዚያ በኋላ የአቴና ወጣቶች ይህን ስልት ለመማር ገንዘባቸውን እያፈሰሱ በመምህራን ዙሪያ ተሰበሰቡ።

የዚህ ሁሉ ጥድፊያ ምክንያት የአቴና የፍርድ ሥርዓት ነበር። በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ 6000 ዜጎች ለዳኝነት በዕጣ ይመረጣሉ። የግል ክርክር ሲሆን 201 ወይም 401 ሰዎች፥ ሕዝብን የሚነካ ጉዳይ ሲሆን 501 ወይም ከዚያ የበዙ ሰዎች ተቀምጠው ይሰማሉ። ከሳሽም ተከሳሽም ስለ ራሱ በራሱ አፍ እንዲናገር ይጠበቅበታል። የሚናገርበት ጊዜ ከዕቃ ወደ ዕቃ በሚንጠባጠብ የውሃ ሰዓት ይለካል። በግል ክርክር ሕግ ወይም የምስክር ቃል በሚነበብበት ጊዜ ውሃው ይዘጋለታል። ክርክሩ ሲያልቅ ዳኞቹ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ ድምፃቸውን በምስጢር ይሰጣሉ። ሕዝብን በሚነካ ጉዳይ የከሰሰ ሰው ከዳኞቹ ድምፅ አንድ አምስተኛውን ካላገኘ 1000 ድራህማ መቀጫ ይከፍላል። እንግዲህ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው በዚያ አደባባይ ንብረቱን፥ ክብሩን፥ አንዳንዴም ሕይወቱን የሚያጣ ነበር።

ለዚህም ችግር መፍትሔ የሆነ አንድ ሙያ ተፈጠረ። ሊስያስን የመሰሉ ሰዎች ለተሟጋቾች ንግግር በዋጋ ይጽፉ ጀመር። ሊስያስ ራሱ አቴና ውስጥ የሚኖር የሲራኩስ ሰው ልጅ ስለ ሆነ የአቴና ዜግነት መብት አልነበረውም። ትልቁ ብልሃቱ ለገበሬው የገበሬ ቃል፥ ለአካል ጉዳተኛው የአካል ጉዳተኛ ቃል፥ ለወጣቱ የወጣት ቃል መጻፉ ነው። ሰሚው ንግግሩን ሲሰማ ጸሐፊውን ፈጽሞ አያስታውስም፤ የሚያየው በፊቱ የቆመውን ተሟጋች ብቻ ነው። ተሟጋቹም የተጻፈለትን አጥንቶ በገዛ አፉ ይናገረዋል። ይህን ነጥብ በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ይበልልን።

የዚህን ጥበብ ሥር የመረመረው አሪስጣጣሊስ ነው። እርሱ እንደሚያስተምረው አንድ ተናጋሪ ሰሚውን የሚያሳምነው በሦስት ነገሮች ነው። ፊተኛው የተናጋሪው ጠባይ ነው፤ ሰሚው እውነተኛና ደግ መስሎ የታየውን ሰው ያምናልና። ሁለተኛው የሰሚው ስሜት ነው፤ የተቈጣ ሰውና የራራ ሰው አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጡምና። ሦስተኛው የነገሩ ማስረጃና አመክንዮ ነው። ደግሞም የንግግርን ክፍሎች መግቢያ፥ የነገሩ ትረካ፥ ማስረጃና መደምደሚያ ብሎ ለይቷቸዋል። ስለ ምሳሌያዊ አባባልም ሲናገር፥ አባባል ሰሚው ራሱ አስቀድሞ የሚያምነውን ነገር ስለሚያጸናለት ደስ እንደሚያሰኘው፥ ነገር ግን ከአፈ ልጅ ይልቅ ለሸመገለ ሰው እንደሚያምር ይገልጻል። «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ለሚል ሕዝብ ይህ ትምህርት ምን ያህል ቅርብ ነው!

ከእርሱ በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት ከልደት በፊት የተነሣው ሔርማጎራስ የክርክርን ጭብጥ የማግኛ መንገድ አወጣ። ተከሳሽ ከአራት አንዱን ይመልሳል ይላል። «አላደረግሁም» ቢል ክርክሩ በድርጊቱ ላይ ነው። «አድርጌአለሁ፥ ነገር ግን ስሙ ይህ አይደለም» ቢል በድርጊቱ ስያሜ ላይ ነው። «አድርጌአለሁ፥ ነገር ግን በቂ ምክንያት ነበረኝ» ቢል በድርጊቱ ተገቢነት ላይ ነው። «ይህን ጉዳይ ይህ ዳኛ ሊያየው አይገባም» ቢል በሥልጣን ላይ ነው። ዛሬም በፍርድ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን አከፋፈል ሲያነብ የየዕለት ሥራውን ያገኝበታል።

አሁን ወደ አገራችን ሸንጎ እንመለስ። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ሸማቸው ከሸማ ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ የተከበረ ሰው ቢያገኙ እንኳ «ዳኝነት ስጠን» ብለው ያቆሙታል፤ እርሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ጉዳዩ በዚያ ካላለቀ ከዳኛ ወደ ዳኛ፥ በመጨረሻም ወደ አፈ ንጉሡና ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይወጣል። የከፍተኛው ዳኛ ስም ራሱ «የንጉሥ አፍ» መባሉ አባቶቻችን ፍርድንና ቃልን ምን ያህል አንድ አድርገው ያዩ እንደ ነበር ያስረዳል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙም የፍርዱን ሚኒስቴር የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበር።

በዚህ ሸንጎ የሚካሄደው የክርክር ስልት «በልሃ ልበልሃ» ይባላል። አንተ የምትለውን በል፥ እኔም የምለውን ልበልህ ማለት ነው። ተሟጋቹ ሸማውን በሥርዓት አደግድጎ፥ ዘንጉን ይዞ ይቆማል። የሕግን ታላቅነትና የዳኛውን ክብር አውስቶ ወደ ነገሩ ይገባል። ቃሉ አጫጭር፥ ሚዛኑ የተስተካከለ፥ ቤት የሚመታ ነው። ወደ ባላጋራው ዘወር ብሎ «ተጠየቅ!» ሲለው ያ ሰው ጥያቄውን ሸሽቶ ሊያልፍ አይችልም። ተሟጋቹ ለቃሉ እውነተኛነት ማር፥ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳል፤ የተረታም ይከፍላል። ስለዚህ ውርርዱ በአቴና 1000 ድራህማው ይሠራ የነበረውን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ሁለቱም ሰው ያላመነበትን ነገር በድፍረት እንዳይናገር የአፍ ልጓም ነበሩ።

እንግዲህ ጎርጊያስ በገንዘብ ያስተማረውን የተመጣጠነና ቤት የሚመታ አነጋገር የእኛ ባላገር ከአባቱ ጎን ቆሞ በመስማት ይማረው ነበር። የአሪስጣጣሊስ ሦስት መሣሪያዎችም በሸንጎው ሙሉ ነበሩ። አቋቋሙ፥ አለባበሱና መሐላው የተናጋሪውን ጠባይ ያሳያሉ፤ ተረቱና ሰምና ወርቁ የሰሚውን ልብ ይነካሉ፤ «ተጠየቅ» ደግሞ የነገሩን ማስረጃ ያወጣል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለውም ምክር ጭብጥ እንዲለይ የሚያዝ ነው።

በአንድ ነገር ግን የእኛ ሸንጎ ከአቴናው አደባባይ ይበልጥ እንደ ነበር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የአቴና ዳኞች ዝም ብለው ሰምተው ዝም ብለው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ምክንያታቸውን የሚጠይቃቸው የለም። በእኛ ችሎት ግን በዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች አስተያየታቸውን በአደባባይ ይናገራሉ። የሚጀምረውም ከማዕርገ ትንሹ ነው፤ ከዚያ ወደ ትልቁ እየወጣ የመጨረሻው ቃል የሰብሳቢው ይሆናል። ይህ ሥርዓት ታናሹ ታላቁን ፈርቶ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ታስቦ የተሠራ መሆኑ ግልጽ ነው። እንግዲህ ንግግርና ምክንያት የተሟጋቹ ብቻ ሳይሆን የፈራጁም ግዴታ ነበር። ይህን ሥርዓት በየመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ብንሠራበት ስንት መልካም ሐሳብ በተገኘ ነበር!

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረብን። ግሪኮች የሙግታቸውን ጥበብ ጻፉት፤ ደንብ አወጡለት፤ በትምህርት ቤት አስተማሩት። ኢሶቅራጥስ በአቴና ትምህርት ቤት ከከፈተበት ከ392 ዓመት ገደማ ከልደት በፊት ጀምሮ ጥበቡ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ ሮማውያን ዘንድ ደረሰ፤ ከእነርሱም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። የእኛ ግን በተናጋሪው አፍና በሰሚው ጆሮ ብቻ ቀረ። ይህ የሆነው ከግሪኮች ጋራ ትውውቅ ስላልነበረን አይደለም። በአክሱም ዘመን ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ እንደ ነበር በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ መስክሮለታል፤ ንጉሥ ኢዛናም ሐውልቱን በግሪክኛ ጭምር አስጽፏል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ዮሐንስ አፈወርቅና ባስልዮስ በግሪክ የንግግር ጥበብ የሠለጠኑ ነበሩ፤ «አፈወርቅ» የሚለውም ስም ለአንደበቱ ጣዕም የተሰጠ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ አባ ሚካኤል «አንጋረ ፈላስፋ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ የሶቅራጥስ፥ የአፍላጦንና የአሪስጣጣሊስ ስም ከጥበብ ቃሎች ጋራ ገብቶልናል። ነገር ግን የገባው የተናገሩት ምክር ነው እንጂ የመናገሪያው ደንብ አልነበረም። እኛም የራሳችንን ደንብ አልጻፍንም።

በዚህ መካከል ዘመን ተለወጠ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፥ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በ1958 ዓ.ም. ወጡ። ክስ በጽሑፍ ይቀርባል፤ መከላከያም በጽሑፍ ይመለሳል፤ ጭብጡን ዳኛው ይይዛል። ይህ ለውጥ ያስገኘውን ጥቅም መካድ አይቻልም። ሕጉ ለሁሉ የታወቀና የተጻፈ ሆነ፤ ይግባኝ የሚሰማው ዳኛ መዝገቡን አገላብጦ የሥር ዳኛውን ስሕተት ያርማል፤ አፉ የተባ ሁሉ አፉ የተሳሰረውን እንዳይረታው ጽሑፍ ጋሻ ሆነ።

ነገር ግን የጠፋም ነገር አለ። በከተማችን ደቡብ፥ ስሙ ራሱ ቃል ያለ ሽቦ የተላለፈበትን ዘመን በሚያስታውሰን በነፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ፥ ጉዳይ ኖሮት ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው በሞያው የተከበረ ሥራ ይሠራል። እርሱ የእኛ ሊስያስ ነው። ነገር ግን ልዩነቱ ይህ ነው። ሊስያስ የጻፈውን ባለጉዳዩ አጥንቶ በገዛ አፉ ይናገረዋል፤ በእኛ ዘመን የተጻፈውን ግን ዳኛው ያነበዋል፥ ባለጉዳዩም ብዙ ጊዜ በስሙ የተጻፈውን ሳያውቅ ይፈርምበታል። «ምን አልህ?» ቢሉት «ወረቀቱ ላይ አለ» ይላል። አያቱ በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ «ተጠየቅ!» ይል የነበረ ሰው፥ ዛሬ በገዛ ነገሩ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቆማል። ሕግ ቢጻፍ መልካም ነው፤ ዜጋ ግን ድዳ ሊሆን አይገባውም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አፈኛነት እውነትን ያሸንፋል፥ ስለዚህ ቢጠፋ ምን ይጐዳል የሚል ሰው አይታጣም። ይህ ክስ አዲስ አይደለም። አፍላጦን የንግግርን ጥበብ በምግብ አጣፋጭ መስሎታል፤ ጣዕምን እንጂ ጤናን አይመለከትም ብሎ ነው። መምህሩ ሶቅራጥስ ከልደት በፊት በ399 ዓመት በአቴና ዳኞች ፊት ቀርቦ እነርሱን በማባበል ነፍሱን ለማዳን ስላልፈለገ ሞት ተፈርዶበታልና፥ ቢቆጣ አይፈረድበትም። አሪስጣጣሊስ ግን ሚዛናዊ መልስ ሰጥቷል። የዳኛን ልብ በቁጣና በምቀኝነት ማጣመም ሊለኩበት የያዙትን ገመድ ራሱን እንደ ማጣመም ነው ብሎ ይነቅፋል። ሆኖም ጥበቡ በክፉ ሰው እጅ መግባቱ ደግ ሰው እንዲተወው ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም እውነት ያለው ሰው መናገር ካልቻለ ሐሰት ያለው ሰው መርታቱ የባሰ ውርደት ነው።

ይህን ሐቅ ኢትዮጵያ በገዛ ሰውነቷ አይታዋለች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ገና ሲጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ እስኪወጡ ድረስ ጸጥ ብለው ቆሙ። ያ ጸጥታ ራሱ አሪስጣጣሊስ የተናጋሪው ጠባይ ያለው ማስረጃ ነበር። ከዚያም የአገር መሪ ራሱ በዚያ ጉባኤ ሲናገር የመጀመሪያ መሆኑን፥ እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰበትም ሕዝብ የመጀመሪያ መሆኑን አቻ ለአቻ አድርገው አቀረቡ። የመርዙን ጢስ ሲገልጹ በጥቅሉ «ግፍ» ብለው አላለፉም። ዘጠኝ፥ ዐሥራ አምስትና ዐሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ መርዝ ያዘነቡትን አውሮፕላኖች ቈጥረው አስረዱ። ከሁሉ በላይ ጭብጡን አዛወሩት። የተያዘው ነገር የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የውል ቃል ዋጋ አለው ወይስ የለውም የሚል መሆኑን አሳዩ። በመጨረሻም ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ ጉባኤውን ጠየቁ። ይህ በዓለም አደባባይ የተነገረ «ተጠየቅ!» ነበር።

መልሱ የታወቀ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ላይ ተጥሎ የነበረው የንግድ ማዕቀብ ተነሣ። ታዲያ ያ ንግግር ከንቱ ነበርን? ለዚህ የአቴናው ዴሞስቴንስ ታሪክ መልስ ይሰጠናል። የመቄዶንያው ፊልጶስ እንዲመከት ሕዝቡን ዓመታት ሙሉ ሲቀሰቅስ ኖሮ በ338 ዓመት ከልደት በፊት በኬሮንያ ጦርነት አቴና ተሸነፈች። ከስምንት ዓመት በኋላ ባላጋራው ኤስኪኔስ ያን ምክሩን በፍርድ አደባባይ ሲነቅፍበት፥ ዴሞስቴንስ ድል በፈጣሪ እጅ እንደ ሆነ፥ የሰው ድርሻ ግን የሚገባውን መምረጥ ብቻ እንደ ሆነ ተከራከረ። ያን የተሸነፈ ሕዝብ ስለ ሽንፈቱ እንዳያፍር አደረገው፤ ኤስኪኔስም የድምፁን አንድ አምስተኛ እንኳ ሳያገኝ ቀረ። የጄኔቩም ንግግር እንዲሁ በዕለቱ ድምፅ አልረታም፤ ነገር ግን የኢትዮጵያን ጉዳይ በመዝገብ አስፍሮ፥ ከአምስት ዓመት ተጋድሎ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት እስኪመለስ ድረስ በዓለም ሕሊና ፊት አቁሞታል።

እንግዲህ የሚቀረን ሥራ ግልጽ ነው። አባቶች የሸንጎውን ወግ የሚያስታውሱ እስካሉ ድረስ ቃላቸውን እየሰማን እንመዝግብ። መምህራን የክርክርን ትምህርት ሲሰጡ የአሪስጣጣሊስን ሦስት መሣሪያዎችና የሔርማጎራስን አራት ጥያቄዎች ከበልሃ ልበልሃ ጋራ አጣምረው ያስተምሩ። ተማሪው የሰማውን ከመድገም ወጥቶ ለቃሉ ምክንያት ማቅረብን ይልመድ። በመንግሥት ወንበር የተቀመጥንም ባለጉዳዩ ወረቀቱን ሲሰጠን፥ ወረቀቱን ከማንበባችን በፊት ቀና ብለን «ጉዳይህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቀው። ቃል የሰው ብቻ ገንዘብ ነውና፥ የተናገረ ዜጋ የሚሰማው ጆሮ ሊያጣ አይገባም።